የእኅቴ ልጅ በለንደን የሰማችው ፒያኖ

ልጆቻቸውን ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር የሰደዱ ወላጆች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ጤናቸውና ስለ ምግባቸው ነው፤ ቀጥለውም ስለ ፈተናቸው ይጠይቃሉ። በምሽት ጊዜ ወዴት እንደሚሄዱ ግን የሚጠይቁ ጥቂቶች ናቸው፤ የሚጠይቁትም በፍርሃት ነው። የእኅቴ ልጅ በለንደን ከተማ ፒያኖ ትማራለች፤ ምሽቷን የት እንደምታሳልፍም ሳልጠይቃት በየደብዳቤዋ ስትገልጽልኝ ቈይታለች። ነገሩ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች የሚስማማ መስሎ ስለ ታየኝ ቃሏን ከራሴ ጥቂት አስተያየት ጋራ አድርጌ ጻፍሁት። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ልጅቱ ፒያኖን የጀመረችው ከአባቷ ቤት ባለው አሮጌ የቁም ፒያኖ ነው፤ በኋላም በአዲስ አበባ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማረች። ወደ ለንደን ለመሄድ ዕድል ባገኘች ጊዜ በቤተ ዘመድ መካከል ብዙ ክርክር ሆነ። አባቷ ሕግ ብትማር ይወድ ነበር። እናቷም፥ ታላቅ እኅቴ ናት፥ «ሙዚቃ ለሠርግና ለበዓል ደስ ይላል፤ ለዕለት እንጀራ ግን ምን ይሆናታል?» ብላ ጠየቀች፤ ጥያቄዋም የሚናቅ አልነበረም። እኔ ግን ልጅቱ ገና ሕፃን ሳለች የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ከሸክላ የተቀዳውን ስትሰማ ምሳዋን ረስታ እንደምትውል አይቼ ስለ ነበር ተከራከርሁላት፤ በመጨረሻም «እኔ ዋስ ነኝ» አልሁ። በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ብዙ ዘመን የቈየ ሰው ዋስ መሆን የሚያስከትለውን ነገር ሳያውቅ አይቀርም፤ ቢሆንም አልሁ።

እማሆይ ጽጌ ማርያም በ1923 ተወልደው፥ በልጅነታቸው በስዊስ አገር ቫዮሊን ተምረው፥ በኋላም መንኵሰው፥ በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉ ናቸው። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1967 በጀርመን አገር ወጣ። ከእኛ ብዙው ሰው እርሳቸውን የሚያውቃቸው በዚህ ሸክላና ከዚህም በኋላ በወጡት ነው እንጂ በአዳራሽ ተቀምጦ ሲመቱ በማየት አይደለም። የእኅቴም ልጅ እንዲሁ ነበረች፤ ለንደን እስክትደርስ ድረስ ፒያኖ ማለት ለእርሷ ከማጫወቻ የሚወጣ ድምፅና በገዛ ጣቷ የምትመታው ብቻ ነበረ። ሌላ ሰው በፊቷ ተቀምጦ ሙሉ ምሽት ሲመታ ሰምታ አታውቅም ነበር።

በመጀመሪያው ደብዳቤዋ የጻፈችልኝ ስለ ዊግሞር አዳራሽ ነው። ይህን አዳራሽ ቤክሽታይን የተባለው የጀርመን ፒያኖ ሠሪ ድርጅት ከመሸጫ ቤቱ አጠገብ አሠርቶ በ1901 አስከፈተው፤ ስሙም የቤክሽታይን አዳራሽ ይባል ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጠላት ንብረት ነው ተብሎ ተወስዶ በ1916 ተሸጠ፤ በ1917ም ባለበት መንገድ ስም ዊግሞር ተብሎ እንደ ገና ተከፈተ። የሚይዘው 550 ያህል ሰው ብቻ ነው። ከመድረኩ በላይ ባለው ግማሽ ጕልላት ላይ የሙዚቃን ነፍስ በሰው አምሳል የሚያሳይ ሥዕል ይታያል። ለወጣቶች በ5 ፓውንድ የሚሸጥ ወንበር ስላለ ተማሪዎች ከእራታቸው እየቀነሱ ይገቡበታል፤ ይህን ግን ለእናቷ አልነገርሁም። የፒያኖ ተማሪዎችም ሁልጊዜ የሚሻሙት በግራ በኩል ያለውን ወንበር ነው፤ የመቺው እጅ የሚታየው ከዚያ ነውና።

በዕረፍቱ ጊዜ ሕዝቡ ወደ ውጭ ሲወጣ እርሷ ከወንበሯ አልተነሣችም። አንድ ሰው ትንሽ ቦርሳ ይዞ ወደ መድረኩ ወጣ፤ ቃኚው ነበረ። ከአውታሮቹ ጥቂቱን እየነካ፥ ጆሮውን ዘንበል እያደረገ፥ በመፍቻው በጥቂቱ እያጠበቀ አስተካከለና ማንም ሳያጨበጭብለት ወረደ። በገናችን 10 አውታር አለው፤ እርሱንም የሚደረድረው ሰው ራሱ ይቃኘዋል። የኮንሰርት ፒያኖ ግን 88 ቍልፎችና 230 ያህል የብረት አውታሮች አሉት፤ አውታሮቹ አንድ ላይ የሚስቡት ኀይል 20 ቶን ያህል ስለ ሆነ ይህን ችሎ የሚይዝ የብረት ማዕቀፍ በውስጡ ይገኛል። ስታይንዌይ የተባለው ድርጅት የሚሠራው ትልቁ ፒያኖ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ74 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ክብደቱም 5 ኩንታል ሊሞላ ጥቂት ይጐድለዋል። ስለዚህ ከጥቂቶች በቀር ፒያኖ መቺ የራሱን መሣሪያ ይዞ አይዞርም፤ በየከተማው ባገኘው፥ ሌላ ሰው በቃኘለት መምታት ግድ ይሆንበታል። ልጅቱ «ጋሼ፥ በሰው በቅሎ ገደል እንደ መሻገር ነው» ብላ ጻፈችልኝ።

ይህን መሣሪያ በ1700 ገደማ በፍሎሬንስ ከተማ የፈጠረው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ የተባለ ኢጣሊያዊ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ባለ ቍልፍ መሣሪያ አውታሩን እየነቀሰ የሚያሰማ ስለ ነበር ጣት በቀስታም ቢነካው በብርቱም ቢነካው ድምፁ ያው ነበር። ክሪስቶፎሪ አውታሩን በትንሽ መዶሻ የሚያስመታ ብልኀት አገኘ፤ ከዚያ ወዲያ ለስላሳውና ብርቱው በመቺው ጣት ሥልጣን ሆነ። ነገር ግን መዶሻው አውታሩን መትቶ ከተመለሰ በኋላ መቺው ድምፁን ሊያሳድገው አይችልም። ዘፋኝ ድምፁን ያሳድጋል፤ መሰንቆ መቺም ደጋኑን እየሳበ ያቈየዋል፤ ፒያኖ ግን እንደ ደወል ነው፤ ከተመታበት ቅጽበት አንሥቶ እየሞተ ይሄዳል። በእግር በሚረገጠው ፔዳል ሞቱን ማዘግየት ይቻላል፤ መመለስ ግን አይቻልም። እንግዲህ የፒያኖ ጥበብ ግማሹ መምታት ነው፤ ግማሹም የተመታው ድምፅ እንዴት እንደሚያልቅ እያዳመጡ የሚቀጥለውን በጊዜው ማስገባት ነው። ልጅቱ ይህን ከመምህሮቿ ብዙ ጊዜ ሰምታው ነበር፤ የገባት ግን በዚያ ምሽት ነው።

ያን ምሽት የተመታው የፍራንዝ ሹበርት የመጨረሻው ሶናታ ነበረ። ሹበርት ይህን ድርሰት በ1828 በቪዬና ጨርሶ ሁለት ወር ሳይቈይ በ31 ዓመቱ ሞተ። ሶናታው አራት ክፍል አለው፤ ለመምታትም 40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሲጀምር ዝግ ያለ፥ ሰላማዊ ዜማ ነው፤ ጥቂት እንደ ሄደ ግን በግራ እጅ ከወፍራሞቹ አውታሮች ሁለት ተቀራራቢ ድምፆች እጅግ በቀስታ ይንቀጠቀጣሉ፤ ከተራራ ማዶ እንደሚሰማ ነጐድጓድ ነው። ከዚያም ሁሉ ዝም ይላል። ከዝምታውም በኋላ የፊተኛው ዜማ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይመለሳል።

«ጋሼ» ብላ ጻፈች፥ «ይህን ሶናታ ሦስት ዓመት ሙሉ በስልኬ ስሰማው ኖሬአለሁ። ያ ነጐድጓድ በስልክ ሲሰማ የዝንብ ድምፅ ያህል እንኳ አይሆንም ነበር። እዚህ ግን ጆሮዬ ሳይሰማው አስቀድሞ የተቀመጥሁበት እንጨት ነገረኝ። ከዚያ በኋላ የሆነው ዝምታ ደግሞ ከሁሉ በለጠብኝ። በስልክ ስሰማው ዝምታው የድምፅ አለመኖር ብቻ ነበረ፤ አሁን ግን 550 ሰው ትንፋሹን ይዞ አብሮ የሠራው ነገር ሆነ። መቺው እጁን ከቍልፎቹ በላይ አንሥቶ አንጠልጥሎት ነበር፤ ያ እጅ እስኪወርድ ድረስ ማንም አልተነቃነቀም።»

ይህን ካነበብሁ በኋላ ስለ ገዛ ሥራዬ አሰብሁ። በፍርድ ቤት ምስክር ተጠይቆ ዝም ያለ እንደ ሆነ በመዝገቡ ላይ «መልስ አልሰጠም» ተብሎ ይጻፋል እንጂ የዝምታው ርዝመት አይጻፍም። የሙዚቃ ደራሲዎች ግን ለዝምታም ልክ ያለው ምልክት አበጅተው እንደ ቃል ይጽፉታል። በዚህ ነገር ከእኛ የጸሐፊዎች ወገን የተሻሉ ናቸው ማለት ይገባኛል።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ትሄድ ጀመር። ደብዳቤዎቿም በየጊዜው በሌላ ነገር የተሞሉ ነበሩ፤ አንዱ መቺ ከመጀመሩ በፊት እጁን በጭኑ ላይ አድርጎ እስከ መቼ እንደሚቈይ፥ ሌላው ዜማውን ከአፉ ውስጥ እያጕረመረመ እንደሚመታ፥ ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በየጊዜው እየመጡ በየጊዜው እንደሚያንቀላፉ። ስለ አንድ ወጣት መቺም ጣቱ እንደ መብረቅ የፈጠነ ቢሆንም የራሱን ድምፅ የማይሰማ ነው ብላ በተማሪ ጭካኔ ፈረደችበት። እኔም ሳይሾሙ ዳኛ መሆን መልካም እንዳልሆነ ጽፌ መከርኋት። አሁን ሳስበው ምክሬ በጊዜው አልነበረም፤ ፍርዱ በራሷ ላይ ሊመጣ ቀርቦ ነበርና።

በሚያዝያ ወር የመጣው ደብዳቤ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። በፈተና ቀን በመምህራን ፊት ከዮሐን ሴባስትያን ባኽ ፉጋዎች አንዱን ኖታ ሳታይ በቃሏ እንድትመታ ታዝዛ ነበር። ፉጋ ማለት አንዱ ድምፅ ብቻውን አንድ ነገር ይጀምርና ሁለተኛው ያንኑ ሲቀበል የፊተኛው ሌላ መንገድ እየሄደ፥ ሦስተኛውም ሲገባ እንዲሁ እየሆነ፥ ሁሉም ሳይቋረጥ የሚጓዝበት ድርሰት ነው፤ በማኅሌት ግራና ቀኝ ሆነው የሚቀባበሉትን ሁሉ አንድ ሰው በሁለት እጁ ብቻ ቢያደርገው እንደ ማለት ነው። አስቸጋሪነቱ ያው ነገር በብዙ ቦታ ጥቂት ጥቂት እየተለወጠ ስለሚመለስ ነው፤ አንዱን መታጠፊያ የሳተ ሰው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። እርሷም ሳተች። ሁለት ጊዜ ተመልሳ ሞከረች፤ በሦስተኛው እጇን አንሥታ ይቅርታ ጠይቃ ከክፍሉ ወጣች። «ዋስነትዎን አሳፈርሁ» ትላለች ደብዳቤዋ። «ጣቴ ያውቀው ነበር፤ እኔ ግን እንደማላውቀው ተረዳሁ። ለአባባ እርስዎ ይንገሩልኝ። ሕግ ብማር ይሻል ነበር።»

ይህን ደብዳቤ ስምንት ቀን በኪሴ ይዤው ዞርሁ፤ ለአባቷም አልነገርሁም። የዋስ ወጉ ይህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ልመልስላት በጀመርሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ የቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ በዚያ ቀለም ስንቀጽል ቃል የጠፋበት ልጅ አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው በሹክሹክታ ያቀብለው ነበር፤ የኔታም አንዳንድ ጊዜ አይተው እንዳላዩ ይሆኑ ነበር። ፒያኖ ፊት ለተቀመጠች ልጅ ግን የሚያቀብል የለም። ስለዚህ ምክር ሳልጽፍ ገንዘብ ብቻ ጨምሬ ሰደድሁላትና ኮንሰርት መስማቷን እንዳታቋርጥ ለመንኋት። ያን ያደረግሁት በብልኀት አልነበረም፤ ሌላ የምለው ስለ ጠፋኝ ነው።

ከወር በኋላ የመጣው መልስ ግን ረጅም ነበረ። አንድ ምሽት እጅግ ያረጁ መቺ ሲወጡ ከኋላቸው ገጽ የምትገልጥላቸው ወጣት ወጣችና ኖታውን ከፒያኖው ላይ አኖረች። ልጅቱ አፈረችላቸው፤ ነገር ግን መምታት በጀመሩ ጊዜ ኀፍረቷ ወዴት እንደ ሄደ አላወቀችም። ወደ ቤቷ ተመልሳም ያለ ኖታ መምታት ከመቼ ወዲህ ግዴታ እንደ ሆነ መመርመር ጀመረች።

ባገኘችውም ነገር ተደነቀች። በ1837 በበርሊን ከተማ ክላራ ቪክ፥ ኋላ የደራሲው የሹማን ሚስት የሆነችው፥ ገና የ17 ዓመት ልጃገረድ ሳለች የቤትሆቨንን ሶናታ ኖታ ሳታይ በመታች ጊዜ ይህን እንደ ትዕቢት የቈጠሩባት ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1840 ፍራንዝ ሊስት በለንደን ብቻውን ፒያኖ የሚመታበትን ጉባኤ አደረገ፤ ብቻ ለብቻ ለሚደረገው ኮንሰርት እስከ አሁን የሚነገረው «ሬሲታል» የሚለው ስም ያን ጊዜ ወጣ። ፒያኖውን አዙሮ የመቺው ጐን ለሕዝብ እንዲታይ ማድረግም ከእርሱ ጋራ የተያያዘ ልማድ ነው። እርሱም ብዙ ጊዜ ያለ ኖታ ይመታ ስለ ነበር ሌሎቹ ሁሉ ተከተሉት። እንዲህ ሆኖ፥ በአንዲት ልጃገረድ ላይ እንደ ትዕቢት የተነቀፈው ነገር ጥቂት ትውልድ ሳያልፍ ሕግ ሆነ፤ የእኅቴ ልጅም በዚያ ሕግ ወደቀች። የሩስያው ስቭያቶስላቭ ሪሽተር ግን፥ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቆች አንዱ፥ ከ1980 ገደማ ጀምሮ አዳራሹን አስጨልሞ በአንዲት ትንሽ መብራት ኖታውን እያነበበ ይመታ ነበር፤ ማንም ታላቅነቱን አልቀነሰበትም።

ስለ ሌላም ጻፈችልኝ። ቭላዲሚር ሆሮቪትስ 12 ዓመት ከመድረክ ርቆ ከቈየ በኋላ በ1965 በኒውዮርክ በካርኔጊ አዳራሽ ተመልሶ በወጣ ጊዜ ገና ሲጀምር የተሳሳቱ ድምፆች መታ። ከኮንሰርቱ የወጣው ሸክላ ሲታተም ከስሕተቶቹ አንዳንዱ ታርሞ ነበር፤ በ2003 ግን እንደ ተመታው ሆኖ ያለ እርማት ወጣ። ልጅቱ ሁለቱን አስተያይታ የሰማቻቸው ሲሆን ስሕተት ያለበትን እንደምትመርጥ ነገረችኝ፤ ምክንያቱን ግን አልጻፈችም። በ1990ዎቹም ዓመታት የፖርቱጋሏ ማሪያ ዡዋዎ ፒሬሽ በአምስተርዳም ከኦርኬስትራ ጋራ ሕዝብ በተሰበሰበበት ለመምታት ተቀምጠው ሳለ ኦርኬስትራው የጀመረው እርሳቸው ያልጠበቁትን ሌላውን የሞዛርት ኮንሰርቶ ነበረ። ፊታቸውን በእጃቸው ሲደግፉ በፊልም ይታያል፤ መሪው ሪካርዶ ሻዪ ግን እያሳቀ አበረታታቸው፤ ተራቸው በደረሰ ጊዜም ከትዝታቸው አውጥተው መቱት። ይህን ፊልም ስንት ጊዜ እንዳየችው ብጠይቃት ቍጥሩን አላውቅም አለችኝ።

በሐምሌ ወር ለራሴ ጉዳይ ወደ ለንደን ሄድሁ። ልጅቱ ከስታ አገኘኋት፤ እንደ ገና የምትፈተነው በመስከረም ነበር። በመጀመሪያው ምሽት የወሰደችኝ በ1871 ወደ ተከፈተው ወደ ሮያል አልበርት አዳራሽ ነው። እርሱ ከ5 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል፤ ድሮ ድምፁ በጕልላቱ እየተመለሰ ሁለት ጊዜ ይሰማ ስለ ነበር በ1969 እንጕዳይ የሚመስሉ ትልልቅ ክብ ነገሮች ከጣራው አንጠለጠሉበት። ተማሪዎች ከመካከሉ ቆመው ይሰማሉ። እኔም ስለ ክብሬ ከእርሷ ጋራ ቆሜ ጀመርሁ፤ ነገር ግን ከዕረፍቱ በኋላ ጕልበቴ ስለ እምቢ አለኝ ወጥቼ ጠበቅኋት። በዚያ አዳራሽ የፒያኖ ድምፅ ከሸለቆ ማዶ እንደሚጠራ ሰው ሆኖብኝ ነበርና ብዙ አልተጸጸትሁም።

በማግስቱ ወደ ብሔራዊው የሥዕል ቤት ሄድን። ሥዕሉን አይቼ ልመለስ ስል ልጅቱ «እርስዎ የቆሙበት ቤት የኮንሰርት አዳራሽ ነበረ» አለችኝ። በሴፕቴምበር 1939 ጦርነት ሲነሣ በለንደን የሙዚቃና የቲያትር ቤቶች ሁሉ ተዘጉ፤ የዚህም ቤት ሥዕሎች ከቦምብ ለማዳን ሩቅ አገር ተወስደው ግድግዳው ባዶውን ቀረ። ማይራ ሄስ የተባሉ ስመ ጥር ፒያኖ መቺ ወደ ሥዕል ቤቱ ዲሬክቶር ወደ ኬኔት ክላርክ ሄደው በባዶው ቤት በምሳ ሰዓት ሙዚቃ እንዲደረግ ጠየቁ። በኦክቶበር 10 ቀን የመጀመሪያውን ኮንሰርት ራሳቸው መቱ፤ የመግቢያውም ዋጋ አንድ ሽልንግ ነበረ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሳይቋረጥ ቀጠለ፤ የቦምቡ ነገር በበረታ ጊዜ ወደ ምድር ቤቱ ወርደው ይመቱ ነበር። በሜይ 1941 ትልቁ የኩዊንስ አዳራሽ በእሳት ቦምብ ተቃጥሎ ጠፋ፤ ይህ ግን ቀጠለ። እስከ 1946 ድረስ 1698 ኮንሰርት ተደረገ።

«ጋሼ፥ ራዲዮ ነበራቸው፤ ሸክላም ነበራቸው» አለችኝ። «ቤታቸው ተቀምጠው ያንኑ ሶናታ መስማት ይችሉ ነበር። ቦምብ በሚወድቅበት ከተማ ምሳቸውን ትተው ለምን መጡ?»

እኔም መልስ ስላልነበረኝ ዝም አልሁ፤ የዝምታዬም ርዝመት ጥቂት አልነበረም።

ከመመለሴ በፊት በመጨረሻው ምሽት ወደ ዊግሞር አዳራሽ አብረን ገባን። በግራ በኩል፥ ከሦስተኛው ረድፍ ተቀመጥን። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ወጥተው እጅ ነሡና ያለ ኖታ መምታት ጀመሩ። የመጀመሪያው ክፍል በታላቅ ኀይል ባለቀ ጊዜ እኔ ደስ ብሎኝ አጨበጨብሁ፤ ከ550 ሰው መካከል ያጨበጨብሁ እኔ ብቻ ነበርሁ። የእኅቴ ልጅ እጄን ያዘችኝ። ለካ ክፍሎቹ ሁሉ እስኪያልቁ ድረስ አይጨበጨብም፤ በክፍልና በክፍል መካከል የተፈቀደው ሳል ብቻ ነው፤ ሕዝቡ ሁሉ እንደ ተቃጠረ በአንድ ጊዜ ይስላል። ከኮንሰርቱ በኋላ ልጅቱ ልታጽናናኝ ብላ ይህ ልማድ ብዙ ዘመን ያላስቈጠረ መሆኑን፥ ሞዛርትም በ1778 በፓሪስ ገና በመካከሉ እንደ ተጨበጨበለት ተደስቶ ለአባቱ መጻፉን ነገረችኝ። እኔም ከሞዛርት ሕዝብ ጋራ መቈጠሬን በጸጋ ተቀበልሁ።

በሦስተኛው ክፍል ግን ልጅቱ የኮቴን እጅጌ ጨመደደችው። ፊቷን አየሁት፤ ትንፋሿ ቆሞ ነበር። ወደ መድረኩ ብመለከት ሴትዮዋ እንደ ፊቱ ይመታሉ፤ ምንም የተለወጠ ነገር አላየሁም። ጥቂት ቈይቶ እጅጌዬን ለቀቀችው።

ስንወጣ በመንገድ ላይ «ምን ሆነሽ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ጠፋቸው» አለችኝ። «መንገዱ ጠፋቸው። ቀኝ እጃቸው የሚሄድበትን አጥቶ ነበር፤ በግራ እጃቸው አንዱን ነገር ደጋግመው እያመላለሱ እስኪያገኙት ድረስ ቈዩ። አልሰሙምን?»

«ምንም አልሰማሁም» አልኋት፤ እውነትም ነው።

ጥቂት ሄድን። ከዚያ፥ «እንግዲያስ የእኔም በፈተና ቀን የሆነው እንደዚያው ኖሯል?» አለችኝ።

እሺ ብላት ደስ ይላት ነበር። ነገር ግን ዋስ ሐሰት ቢናገር የሚጎዳው ባለ ዕዳውን ነው ብዬ፥ «አይደለም ልጄ፤ እኚህ ሴትዮ ከወንበራቸው አልተነሡም፤ አንቺ ግን ተነሥተሽ ወጣሽ» አልኋት። ወደ ማደሪያዋ እስክንደርስ አልተናገረችኝም። ሳስቀይማት እንዳደርሁም አሰብሁ።

በማግስቱ ሻንጣዬን ይዤ ልሰናበታት ወደ ትምህርት ቤቷ ሄድሁ። ከመለማመጃው ክፍል በር ላይ ደርሼ ሳላንኳኳ ቆምሁ። ያንኑ ፉጋ ትመታ ነበር፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው አልነበረም። ከመካከሉ ትጀምራለች፥ ታቋርጣለች፤ ከመጨረሻው አቅራቢያ ትጀምራለች፤ ግራ እጇን ብቻ፥ ከዚያ ቀኝ እጇን ብቻ ታስኬዳለች። ገብቼ ምን እያደረገች እንደ ሆነ ብጠይቃት እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው በእጇ የጻፈችባቸውን ወረቀቶች አሳየችኝ፤ በቀይ እርሳስ አሥራ አንድ ቦታ ምልክት አድርጋበታለች። «ከነዚህ ከየትኛውም ቦታ ተነሥቼ መሄድ እችላለሁ፤ የጠፋኝ እንደ ሆነ ወደሚቀጥለው እዘላለሁ እንጂ ወደ ኋላ አልመለስም» አለችኝ። ትናንት ስለ ተናገርኋት ነገር አላነሣችም፤ እኔም አላነሣሁትም።

በመስከረም ተፈትና ማለፏን በስልክ ነገረችን። በዘጠነኛው ምልክት አጠገብ ጥቂት ስታ እንደ ነበርና ሳታቋርጥ እንደ ቀጠለች ለእኔ ለብቻዬ ነገረችኝ፤ ለአባቷም ያን ጊዜ የሚያዝያውን ደብዳቤ አሳየሁት። አንብቦ መልሶ ሰጠኝና ለምን እንደ ደበቅሁት ሳይጠይቀኝ ቀረ።

እናቷ ግን የፈተናው ድምፅ በስልክ ተቀድቶ እንዲላክላት አጥብቃ ለመነች። ልጅቱ እምቢ አለች። «ለፋሲካ ስመጣ ከሳሎን ተቀምጣችሁ ትሰሙታላችሁ፤ ነገር ግን አስቀድማችሁ ለዚያ ለአሮጌው ፒያኖ ቃኚ ፈልጉለት» ብላ መለሰች። እኔም አሁን ቃኚ በመፈለግ ላይ ነኝ።